የጥላቻ ወንጀልን ማን ይቆጥረዋል? የእስያ አሜሪካውያን ጉዳይ

ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል እንያቸው። የአሜሪካው ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በ2020 በመላው አሜሪካ በእስያውያን ላይ ተፈጸሙ ብሎ የመዘገባቸው የጥላቻ ወንጀሎች፣ ማለትም ሰው በዘሩ ወይም በመሰል ማንነቱ ምክንያት የተፈጸመበት ወንጀል፣ 279 ናቸው። በ2021 ቁጥሩ 746 ደረሰ። በ2022 ደግሞ ወደ 499 ወረደ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያየ ሰው ኮሮና መጣ፣ ጥላቻው ናረ፣ ኮሮና ሲበርድ ጥላቻውም በረደ ብሎ ወሬውን ሊዘጋው ይችላል። እኔ ግን ቁጥሮቹ ስለ ጥላቻው የሚነግሩን ትንሽ ነው ባይ ነኝ። ብዙ የሚነግሩን ስለ ቆጠራው ነው፦ ማን እንደሚቆጥር፣ ማን ሳይቆጠር እንደሚቀር፣ የአንድ የተደበደበ ሰው ታሪክ ከመንገድ ተነስቶ ዋሽንግተን ያለው ሰንጠረዥ ላይ እስኪደርስ ስንት ቦታ እንደሚንጠባጠብ።

አሜሪካ የጥላቻ ወንጀልን በአገር ደረጃ መቁጠር የጀመረችው በ1990 በወጣ ሕግ ነው። ሕጉ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱን "መረጃ ሰብስብ" ይለዋል፤ የየከተማውን ፖሊስ ግን "አስረክብ" ብሎ አያስገድደውም። አገሪቱ ውስጥ ደግሞ ከግዙፉ የኒው ዮርክ ፖሊስ አንስቶ ጥቂት ሰው ብቻ እስካለው የገጠር ሸሪፍ ቢሮ ድረስ ከ18,000 በላይ የፖሊስ ተቋማት አሉ። የሚልከው የፈለገ ነው። የላከውም ቢሆን ብዙው የሚልከው ዜሮ ነው። በ2019 በቆጠራው ከተሳተፉት ከ15,500 በላይ ተቋማት ውስጥ አንድም ይሁን ከዚያ በላይ የጥላቻ ወንጀል አለ ብለው የላኩት 2,172 ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ ስድስቱ ዓመቱን ሙሉ ምንም አላየንም አሉ ማለት ነው። ትንንሾቹን ከተሞች እሺ እንመናቸው። ሁሉንም ግን እንዴት ብሎ?

ከዚህ ጎን ሌላ ቆጠራ አለ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ ፖሊስን ትቶ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየጠየቀ የሚያጠናው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ግምት ከ2005 እስከ 2019 ባለው ጊዜ በዓመት በአማካይ ወደ 250,000 የሚጠጋ የጥላቻ ጥቃት ነበር፤ ከግማሽ በላዩም ለፖሊስ አልተነገረም። በዚያው ዘመን የኤፍቢአይ ዓመታዊ ቁጥር አንድም ጊዜ 10,000 አልደረሰም። ጥያቄው የተለየ ስለሆነ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ማወዳደር አይገባም፤ ቢሆንም የ250,000ና የጥቂት ሺዎች ልዩነት በስሌት ዘዴ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

የ2021 ቁጥር ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በዚያ ዓመት ኤፍቢአይ መረጃ የሚቀበልበትን ሥርዓት ቀየረ። አሮጌው ተዘጋ፣ ወደ አዲሱ ያልተሻገረ ፖሊስም ከቆጠራው ውጭ ቀረ። ከቀሩት መካከል የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ነበሩ። ልብ በሉ፣ እስያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ሁለት ትልልቅ ከተሞች! በ2022 መጨረሻ ላይ ውጤቱ ሲወጣ የጥላቻ ወንጀል በአጠቃላይ የቀነሰ መሰለ፤ ያውም እስያውያን አዛውንቶች በጠራራ ፀሐይ ሲገፈተሩ የሚያሳይ ቪዲዮ በየሳምንቱ በሚወጣበት ዓመት። ኤፍቢአይም ነገሩ እንዳላማረ ገብቶት የጎደሉትን ከተሞች መረጃ ጨምሮ በማርች 2023 ተጨማሪ ሪፖርት አወጣ። በዚህኛው ወንጀሉ ከቀደመው ዓመት በ11.6 በመቶ ጨምሯል። 746 የሚለው ቁጥርም የመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ዙር ነው። ያው ዓመት፣ ያው ወንጀል፤ አንዴ ቀነሰ፣ አንዴ ጨመረ።

ታሪኩ የሚንጠባጠበው የት የት እንደሆነ ለማየት አንድ ምሳሌ ልፍጠር። ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ፍላሺንግ የሚባል ሰፈር አለ፤ የቻይናና የኮሪያ ሰው የሞላበት። አንዲት የ70 ዓመት ቻይናዊት እናት ከገበያ ሲመለሱ አንድ ሰው "ወደ አገርሽ ሂጂ" ብሎ ገፈተራቸው እንበል። ወደቁ፣ እጃቸው አበጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ ፖሊስ ይጠራሉ ወይ ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። ምናልባት የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ዘመድ ቤት ውስጥ አለ። ደግሞስ "ተወው፣ ነገር አታብዙ፣ እግዜር ይየው" የሚለው ምክር የእኛ ብቻ ይመስላችኋል? እነሱም ጋ ሞልቷል። ብዙው ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል፤ እጃቸውን በበረዶ ይዘው ቤት ይገባሉ።

ጠሩ እንበል። ፖሊሱ መጣ። አስተርጓሚ በስልክ ቢገኝ ጥሩ፤ ካልተገኘ የአላፊ አግዳሚ ልጅ ያስተረጉማል። "ሰው ገፍትሮኛል" የሚለው ይተረጎማል፤ "ወደ አገርሽ ሂጂ" የሚለው ግን ስድብ ነው፣ ምን ይጠቅማል ተብሎ ይዘለላል። ፎርሙ ላይ ቀላል ድብደባ ተብሎ ይሞላል። የኤፍቢአይ አሠራር ሁለት ደረጃ አለው፦ ቦታው ላይ የደረሰው ፖሊስ የጥላቻ ምልክት ካየ "ይጠረጠራል" ብሎ ያስተላልፋል፤ ከዚያ በጉዳዩ የሠለጠነ ሌላ ሰው አይቶ ይወስናል። እንግዲህ የመጀመሪያው ፖሊስ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ካልጻፋት ሁለተኛው ምን ሊያይ ነው?

ይህን ሁሉ ያለፈው ደግሞ አቃቤ ሕግ ጋ ይደርሳል። የኒው ዮርክ የእስያ አሜሪካውያን ጠበቆች ማኅበር በከተማዋ በ2021 የመጀመሪያ ዘጠኝ ወራት የተዘገቡ 233 ጥቃቶችን አንድ በአንድ ተከታትሎ ነበር። በ2022 ሪፖርቱን ሲያወጣ በጥላቻ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለበት 7 ብቻ አገኘ። የቀረው ወይ ተጠርጣሪው አልተያዘም፣ ወይ በተራ ወንጀል ተከሰሰ፣ ወይ በድርድር የጥላቻው ክስ ተነስቶለት ቀለል ያለውን አመነ።

ለአቃቤ ሕጎቹ ግን ትንሽ ልከራከርላቸው። የጥላቻ ወንጀል ሕግ ሥራው ከባድ ነው። ድብደባውን ማስረዳት ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየው የመታው በዘሩ ምክንያት እንደሆነ፣ ማለትም በልቡ የነበረውን፣ ከጥርጣሬ በጸዳ መልኩ ማሳየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድብ ብቻውን፣ የፈለገውን ያህል ቢያም፣ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ ወንጀሉ ያለ ቃል ከተፈጸመ ማስረጃ የለም፤ ቃል ብቻ ከሆነ ደግሞ ወንጀል የለም።

የአትላንታው ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ማርች 16፣ 2021 አንድ ወጣት ሦስት የማሳጅ ቤቶች እየዞረ ስምንት ሰው ገደለ። ስድስቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። በማግስቱ የሸሪፉ ቃል አቀባይ ስለ ገዳዩ ሲናገር ቀኑ መጥፎ ሆኖበት እንደነበር ገለጸ፤ ሰው በዚህ ንግግር ምን ያህል እንደተቃጠለ አትጠይቁኝ። ግድያው የተፈጸመው በሁለት ካውንቲዎች፣ ማለትም የየራሳቸው አቃቤ ሕግ ባላቸው ሁለት የግዛቱ ክፍሎች፣ ነው። ቼሮኪ ካውንቲ ላይ አራት ሰው ሞቷል፤ አቃቤ ሕጓ የዘር ጥላቻ ማስረጃ አላገኘንም አለች፣ ሰውየውም አምኖ በጁላይ 2021 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ፉልተን ካውንቲ ላይ አራት የኮሪያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ሞተዋል፤ የዚያኛው አቃቤ ሕግ ፋኒ ዊሊስ ደግሞ በዘርና በፆታ የተነሳሳ ወንጀል ነው፣ የሞት ቅጣት እጠይቃለሁ አለች። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ። የካውንቲ ወሰን ሲሻገር ግን ልቡ የተለወጠ ይመስላል።

ገዳዩ ራሱ ሲናገር ነገሩ ይቀልላል። በማርች 2020 ሚድላንድ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ወጣት በአንድ ትልቅ ሱቅ ከበርማ የመጣ ቤተሰብን በቢላዋ ወጋ፤ አባትና ሁለት ሕፃናት፣ አንዱ የ2 ሌላው የ6 ዓመት። ሁሉም ተርፈዋል። ያደረግኩት ቻይናውያን መስለውኝ፣ በሽታውንም የሚያዛምቱ መስሎኝ ነው ብሎ አመነ። በ2022 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የተገላቢጦሹም አለ። በጃኑዋሪ 2023 ሞንተሬይ ፓርክ፣ ካሊፎርኒያ፣ በጨረቃ አዲስ ዓመት ዋዜማ በዳንስ አዳራሽ 11 ሰው ሲገደል ሰው ሁሉ ወዲያው የጥላቻ ወንጀል ነው አለ፤ ተኳሹ ግን ራሱ የእስያ ዝርያ ያለው የ72 ዓመት ሰው ሆኖ ተገኘ። ቶሎ የደመደመ ሁሉ አፉን ያዘ።

ፖሊስ የማይቆጥረውን ማኅበረሰቡ ራሱ ልቁጠር ያለው በዚህ መሐል ነው። ዶናልድ ትራምፕ "የቻይና ቫይረስ" ብለው ትዊት ባደረጉ ሰሞን፣ ማርች 19፣ 2020፣ ስቶፕ ኤኤፒአይ ሄት (በእስያና በፓሲፊክ ደሴቶች ዝርያ አሜሪካውያን ላይ የሚደርስ ጥላቻ ይቁም) የሚባል ድርጅት የመመዝገቢያ ፎርም ኢንተርኔት ላይ ከፈተ። ያቋቋሙት ማንጁሻ ኩልካርኒ፣ ሲንቲያ ቾይና የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ራስል ጆንግ ናቸው። ፎርሙ በበርካታ የእስያ ቋንቋዎች ተዘጋጀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰው ሞላው። እስከ ማርች 2022 ድረስ የተሰበሰበው 11,500 ገደማ ደረሰ።

ይህን ቁጥር ከኤፍቢአይ ጋር እያስተያዩ "ያኛው ደበቀ" ማለት ስህተት ነው። እዚህ የተመዘገበው ሁለት ሦስተኛው ገደማ የቃል ጥቃት ነው፦ ስድብ፣ ዛቻ፣ "ቫይረስ" እያሉ መጮህ። የቀረው ውስጥ መትፋት፣ መገፍተር፣ አላስተናግድም ማለት፣ አውቶቡስ ላይ ተነስቶ መራቅ አለ። ብዙው በሕግ ወንጀል አይባልም። ደግሞ የሞላው የፈለገ ሰው ስለሆነ ከዚህ ተነስቶ "ከመቶው ይህን ያህሉ ተጠቅቷል" ማለት አይቻልም፤ ስልክ የሌላቸው አዛውንት ፎርም አይሞሉም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ነገሩ የት እንደሚፈጸም ያሳያል፤ መንገድ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ባቡር ላይ። ማን ላይ እንደሚበረታም ያሳያል፤ ሪፖርት ካደረጉት ውስጥ ሴቶቹ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ፖሊስ "ወንጀል አይደለም" ብሎ የሚጥለውን ነገር የባቡር ድርጅቱ ወይም የሱቁ ባለቤት ሊያስተካክለው ይችላል። ለዚህ ነው ይህኛውን ቆጠራ የምወደው፤ እስር ቤት የማያደርስ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ አይነሳም።

ምላሹስ? ኮንግረሱ ለአንድ ጊዜ ተስማማ ማለት ይቻላል። ሴናተር ሜዚ ሂሮኖና የምክር ቤት አባሏ ግሬስ ሜንግ ያቀረቡት የኮቪድ-19 የጥላቻ ወንጀሎች ሕግ በሴኔት 94 ለ1፣ በምክር ቤቱ 364 ለ62 አልፎ ሜይ 20፣ 2021 ባይደን ፈረሙበት። ሕጉ ምርመራው እንዲፋጠን፣ ሪፖርት በኢንተርኔትና በተለያዩ ቋንቋዎች እንዲቻል፣ ፖሊሶችም ቆጠራውን እንዲለምዱ ገንዘብ እንዲሰጥ ይላል። የሕጉ አንድ ክፍል ከተሰየመባቸው ሰዎች አንዱ ካሊድ ጃባራ ነው፤ በ2016 ቱልሳ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ቤተሰቡን ለዓመታት ሲያስፈራራ በኖረ ጎረቤቱ የተገደለ የሊባኖስ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ። ገዳዩ በፍርድ ቤት በግድያም በጥላቻ ወንጀልም ጥፋተኛ ተብሏል። የኤፍቢአይ ቆጠራ ውስጥ ግን አልገባም። ፍርድ ቤት ያረጋገጠው እንኳን ካልተቆጠረ የፍላሺንጓን እናት ማን ይቆጥራቸዋል?

ሕጉ ግን አሁንም ፖሊስን አያስገድድም፤ ገንዘብ ያሳያል እንጂ። ደግሞ ሁሉም እስያዊ አላጨበጨበለትም። በርካታ የእስያ አሜሪካውያን ድርጅቶች ገንዘቡ ፖሊስ ጋ ይሄዳል፣ ተጎጂው ግን የሚፈልገው ሐኪም፣ አስተርጓሚና ቤቱ የሚያደርሰው ሰው ነው ብለው በግልጽ ተቃወሙ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ የቻይና ሰፈር ባለሱቆች ደግሞ ብዙዎቹ ፖሊስ ይብዛልን ባዮች ናቸው። እኔ ለተቃዋሚዎቹ አደላለሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚንጠባጠበው መጀመሪያ ላይ፣ ገና ፖሊስ ጋ ሳይደርስ ነውና።

ይህን በደንብ የገባቸው ይመስለኛል ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ። በ2021 መጀመሪያ የቻይና ሰፈር አዛውንቶች ከቤት መውጣት ሲፈሩ ፈቃደኛ ወጣቶች ተሰብስበው ገበያና ባንክ ድረስ አብረዋቸው መሄድ ጀመሩ። ካሊፎርኒያም በ2023 ከፖሊስ ውጭ የሆነ የስልክ መስመር ከፈተች፦ ደውሎ በ200 ቋንቋዎች መናገር ይቻላል፣ ነገሩ ወንጀል ሆነም አልሆነም ይመዘገባል፣ ከዚያ ሰውየው የሚፈልገው ጠበቃም ይሁን የሥነ ልቦና እርዳታ ይፈለግለታል። ኢሊኖይ ደግሞ በ2021 የእስያ አሜሪካውያን ታሪክ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ በሕግ ያዘዘች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ወደኋላ ሄዷል። በኤፕሪል 2025 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከ360 በላይ የገንዘብ ድጋፎችን በአንድ ጊዜ ሰረዘ፤ በጥላቻ ወንጀል ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችም ተነኩ። የሚቆጥረው ሲያንስ ደግሞ ቁጥሩም ያንሳል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት "ቀነሰ" የሚል ዜና ብንሰማ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።

እኛ ጋስ ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። አገናኘው እንጂ። ኖቬምበር 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ስኪንሄድ በሚባሉ የነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ተገደለ። ገዳዮቹ ታሰሩ፤ ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ቤተሰቡ በጠበቆች ርዳታ ወጣቶቹን በስብከት ያሰማራውን የካሊፎርኒያውን ቶም ሜትዝገርንና ድርጅቱን በፍትሐ ብሔር ከሰሰ፤ በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ አገኘ፣ ድርጅቱም ከሰረ። ከሙሉጌታ ግድያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1982 ዲትሮይት አካባቢ፣ ቪንሰንት ቺን የተባለ የቻይና ዝርያ ያለው ወጣት ሠርጉ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት የጃፓን መኪና ሥራችንን ቀማን በሚሉ ሁለት ሰዎች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሞቷል። ቅጣቱ የሦስት ዓመት የገደብ ፍርድና 3,000 ዶላር ነበር። በዚያ ችሎት አንድም አቃቤ ሕግ አልተገኘም። የእስያ አሜሪካውያን መደራጀት የተቀጣጠለው ከዚያ ፍርድ በኋላ ነው። ሁለቱም ጉዳይ ላይ ነገሩን የገፋው መንግሥት አልነበረም፤ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ነው።

ሌላውን ጎናችንንም እናንሳው። ማርች 13፣ 2020 ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ይፋ ሲሆን ጃፓናዊ ነበር። በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ የውጭ ሰዎች ድንጋይ ይወረወርባቸዋል፣ ይተፋባቸዋል፣ ታክሲ ይከለከላሉ፣ በሽታው አለባችሁ ይባላሉ የሚል። መንግሥት ድርጊቱን አወገዘ። በኤፕሪል ደግሞ ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ ውስጥ አፍሪካውያን በተራቸው ተሕዋሲ ታመጣላችሁ ተብለው ከተከራዩት ቤት ተባረሩ። አዲስ አበባ ላይ የተተፋበት ቻይናዊ ሠራተኛ ወይም ጃፓናዊ የት ሄዶ ያመልክት ነበር? በየትኛው ፎርም? ያኔ የሆነውን ዛሬ የምናውቀው የውጭ ኤምባሲ ስለጻፈው ነው።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች፣ ፖሊስም ጭምር፣ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች ውስጥ ከቻይንኛ፣ ከኮሪያኛና ከቬትናምኛ ጎን አማርኛ አለ። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥም ይሁን ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ከደረሰባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የተባላችሁትን ቃል፣ አሳፋሪም ቢሆን፣ እንደተባለው አስጽፉት። ሪፖርቱ ላይ የጥላቻ ጥርጣሬ መኖሩ እንዲሰፍር ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ይዛችሁ ሂዱ። በማግስቱ ደውላችሁ ያቺ ቃል መግባቷን ማጣራትም አይከፋም፤ አቃቤ ሕጉ ኋላ የሚፈልገው እሷን ነው።